ከቅርንጫፉ ያልተቀጠፈ ቅጠል፦ ስለ ሕፃናት የምልከታ ትምህርት በመቂ

በቅድመ መደበኛ ትምህርት ቅጠል መመደብ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የተቀጠፉ ቅጠሎችን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በመጠንና በቅርጽ ማቧደን ነው። ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ለምልከታ ግን አይበቃም።

የመቂን አካባቢ ዕፅዋት እንመልከት። የፓፓያ ቅጠል ጠርዙ በጥልቅ ቢከፋፈልም አንድ ቅጠል ነው። በግራር ላይ ሕፃኑ «ትንንሽ ቅጠሎች» ብሎ የሚቆጥራቸው ግን የአንድ ቅጠል ክፍሎች ናቸው። ሙሉው ቅጠል ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክተው ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው እምቡጥ ነው። ቅጠሉ ተቀጥፎ ክፍል ሲገባ ማስረጃው ዛፉ ላይ ይቀራል። መምህርቷም «አንድ ነው» ብላ ከመንገር ሌላ አማራጭ አይኖራትም፤ ሕፃኑ ያላየውን አምኖ ይቀበላል። እርግጥ የግራር እሾህ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ነገር ግን እሾሁም ራሱ የሚታይና የሚመደብ ነው።

ገርቢ ደግሞ የወቅትን ነገር ይጨምራል። በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል፤ አዝመራውን በዝናቡ ወራት ስለማያጠላበት ገበሬው ከሥሩ ያርሳል። ዛፍ ቅጠሉን በደረቅ ወራት እንደሚያረግፍ የተነገረው ልጅ ይህን የሚያስተውለው በመስከረም ያየውን ዛፍ በጥር ተመልሶ ሲያይ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት ይህን አያስገኝም።

በዚህ ዘርፍ የምንሠራ ተመራማሪዎችም መለኪያችንን ልንፈትሽ ይገባል። ትክክለኛ ምድቦችን ብቻ የሚቆጥር መጠይቅ ሕፃኑ ለምን እንዲህ እንደመደበ አይመዘግብም። ምክንያቱ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ልጁ በተናገረበት ቃል ሊጻፍ ይገባል።