ውሻ የሚሠለጥነው በዱላ ነው ወይስ በደግነት?

ውሻ ለሰው ምን ያህል ታማኝ አገልጋይ እንደ ሆነ በወላይታ ምድር ተወልዶ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በዳሞታ ተራራ ግርጌም ሆነ በቦዲቲና በአረካ ገጠሮች፣ የእንሰቱን ጓሮ ከጃርት፣ የበቆሎውን ማሳ ከዝንጀሮ፣ ፍየሉንና በጉን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ገበሬው ቀን ሲደክም ውሎ ሌሊት ዐይኑን ከድኖ የሚተኛው ውጭ የሚጮኽለት ስላለ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ የምንከፍለው ደመወዝ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ድንጋይና ዱላ ሆኖ እናገኘዋለን። ቡችላው ገና በልጅነቱ ይታሰራል፤ ሲያለቅስ ይረገጣል፤ ሲያጠፋ ይደበደባል። ምክንያቱ ሲጠየቅም «ካልተመታ ጨዋ አይሆንም፤ ካልተጨከነበትም ኀይለኛ ጠባቂ አይወጣውም» ይባላል። እኔ በበኩሌ ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ውሻውን ብቻ ሳይሆን እኛን ራሳችንን የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ።

አሳቤን ከመጽሐፍ ከመጀመር ይልቅ ከቤታችን ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረን። አንድ ጊዜ ለጊፋታ ከተገዛው ሥጋ ጎትቶ ወሰደና በላ። አባቴ ከበላ በኋላ ደረሱበትና «ነብሮ፣ ና!» ብለው ጠሩት። እርሱም ጅራቱን እየቆላ መጣ። በቀረበ ጊዜ በዱላ አጥብቀው መቱት። አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እርሳቸውም ከአባታቸው ያዩትን ነው ያደረጉት። የሆነ ሆኖ ነብሮ በዚያ ቀን ምን ተማረ? እኛ የመሰለን ሥጋ መስረቅ ክፉ መሆኑን የተማረ ነው። እርሱ የተማረው ግን «ና» ሲባል መምጣት እንደሚያስመታ ነው። ሥጋው ጣፍጦት አልፏል፤ ዱላው ያገኘው ታዝዞ በመምጣቱ ነው። ስለዚህ ሰው በሌለበት መስረቁን ሳይተው፣ ሲጠራ መምጣቱን ፈጽሞ ተወ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእብድ ውሻ በሽታን የሚከላከል ክትባት ለመስጠት የእንስሳት ሐኪሞች ወደ ሰፈራችን መጡ። ጎረቤቶቻችን ውሾቻቸውን እየያዙ አቀረቡ። እኛም ነብሮን ብንጠራው አጥሩን ዘሎ ወደ እንሰቱ ውስጥ ገባ። የተዘረጋ እጅ ሁሉ ዱላ የያዘ ይመስለዋልና ሊያዝ አልቻለም፤ ሳይከተብም ቀረ። በዚያው ዓመት ክረምት ታናሽ ወንድሜ ተኝቶ ያገኘውን ነብሮን ሊያሻሸው እጁን ቢዘረጋ፣ ውሻው ደንግጦ ተነሣና ክንዱን ነከሰው። ሰው የነከሰ ውሻ ዐሥር ቀን ታስሮ ጤንነቱ መታየት ሲገባው፣ ጎረቤቶች በቍጣ ወዲያውኑ ገደሉት። ስለዚህ የነከሰው ታሞ ይሁን ፈርቶ ለማወቅ የማይቻል ሆነ። ወንድሜ ቀኑን እየጠበቀ መርፌውን መወጋት ነበረበት፤ ለመመላለሻውና ለሕክምናውም አንዲት ፍየል ተሸጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ ደኅና ነው። እናቴ ግን እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፈች እኔ አውቃለሁ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ የለም ለማለት ይቻላልና።

አንባቢ ሆይ! እስቲ ነገሩን ከጫፉ ይዘን ወደ ኋላ እንመልከተው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፏል። መድኀኒቱ አለ፤ ሐኪሞቹም እስከ ደጃችን መጥተው ነበር። ወንድሜን ለአደጋ ያጋለጠው የመድኀኒት ማጣት አይደለም፤ አንድ ቀን በማይገባው ጊዜ ያረፈ ዱላ ነው።

አሁን ሊቃውንት ስለ እንስሳት መማር የደረሱበትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ሲመረምር፣ ውሾቹ ምግቡን ከማየታቸው በፊት የአብዪውን ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚመጣ አስተዋለ። ውሻ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ነገሮችን በልቡ ያያይዛል ማለት ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክም እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ባደረገው ምርመራ፣ እንስሳ ደስ የሚል ውጤት ያስገኘለትን ሥራ መልሶ መላልሶ እንደሚሠራ ገለጠ። ከነዚህ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ ይኸውም ሽልማቱ ወዲያው በሥራው ላይ ይድረስ የሚል ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህም ይስማማል። ጥፋቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዱላ ውሻው ከጥፋቱ ጋራ ሊያያይዘው አይችልም፤ የሚያያይዘው ከሚመታው ሰው ጋራ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መከታ የተባለ ቡችላ ስናገኝ፣ እርሱን እኔ ላሳድገው ብዬ አባቴን ለመንሁ። በኪሴ የዳቦ ፍርፋሪ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች እይዝ ነበር። በመጀመሪያ በሁለት እርምጃ ርቀት ሆኜ «መከታ፣ ና!» እላለሁ፤ ሲመጣ ወዲያው አንዲት ቁራጭ እሰጠውና አሻሸዋለሁ። ቀጥሎ ከዐሥር እርምጃ፣ በኋላም ከአጥሩ ማዶ ጠራሁት። ጠርቼው ግን አንድ ቀን እንኳ አልመታሁትም። ዶሮ ሊያባርር ሲነሣ እጠራዋለሁ፤ ትቶ ሲመጣ ይሸለማል። ዶሮ ማባረር ምንም አላስገኘለትም፤ መተዉ ግን ስኳር ድንች አስገኘለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶሮዎቹ በአፍንጫው ሥር ሲጭሩ ዝም ብሎ መተኛት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው «ለሰው ያልበቃ እህል ለውሻ ሽልማት እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ለመከታ ከነብሮ የበለጠ እህል አልሰጠሁትም። ማታ በአንድ ጊዜ የሚጣልለትን ትራፊ ቈራርጬ ቀን ሥራ ሲሠራ ሰጠሁት እንጂ። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «እንዲህ የተሞላቀቀ ውሻ ሌባ አይከላከልም» የሚል ነው። ነገር ግን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት የሠራው ሕዝባችን ራሱ ነው፤ በተመታበት ይጮኻል አላለም። መከታ ጅብ ሲመጣ የሚያሰማው ጩኸት ከነብሮ አያንስም። ልዩነቱ፣ ስንጠራው ተመልሶ መምጣቱና እንግዳን ከሌባ መለየቱ ነው። የሚደበደብ ውሻ ኀይለኛ የሚመስለው ፈሪ ስለ ሆነ ነው፤ ፈሪ ደግሞ ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ፣ ሕፃንም ሳይቀር ይነክሳል።

ሦስተኛው «ደግነት ልቅ ያደርጋል» የሚል ነው። ደግነት ማለት ግን የፈለገውን ሁሉ ያድርግ ማለት አይደለም። ሥጋው ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ እየዘለለ ሰው የሚያስቸግር ቡችላ ፊት ይነሣው፤ ያልታዘዘም ሽልማቱ ይቅርበት። ይህ ሁሉ ሥርዐት ነው፤ ዱላ ግን የለበትም።

ይህ መንገድ ለቤት ውሻ ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ፣ በአገራችን የተቀበሩ ፈንጂዎችን ለማጽዳት የሠለጠኑ ውሾች ጭምር አገልግለዋል። እንዲህ ያሉ ውሾች ፈንጂ ሲያሸቱ ዝም ብለው እንዲቀመጡ የሚማሩት ብዙውን ጊዜ በኳስ ጨዋታ እየተሸለሙ ነው። በታንዛኒያም አፖፖ የተባለው ድርጅት ትልልቅ አይጦችን በሙዝና በመሳሰለው ምግብ እየሸለመ ፈንጂ ያስፈልጋል። ከእነርሱ አንዱ፣ ማጋዋ የሚባለው፣ በሥራ ዘመኑ በካምቦዲያ ከመቶ በላይ ፈንጂዎችንና ሌሎች ተተኳሾችን አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም ከእንግሊዝ አገር የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። የሰው ሕይወት በእንስሳ አፍንጫ ላይ በተንጠለጠለበት በዚህ ሥራ ሽልማት ከታመነበት፣ ለጓሯችን ጥበቃ እንዴት አይታመንም?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አሳቤ ግማሽ ይሆናል። ይህን መጽሔት ወላጆችና መምህራንም ያነቡታል። ልጅ ውሻ አይደለም፤ ላነጻጽራቸውም አልሻም። ነገር ግን ለውሻ ምክንያቱን ሊያስረዱት አይቻልም፤ ለልጅ ግን ይቻላል። ምክንያት የማይገባው እንስሳ ያለ ዱላ የሚማር ከሆነ፣ ምክንያት የሚገባው ልጅማ ምንኛ ይበልጥ ይማር! ጥፋቱን ራሱ መጥቶ ሲናገር የተመታ ልጅ የሚማረው እንደ ነብሮ ነው፤ ይኸውም ከጥፋት መራቅን ሳይሆን ተጠርቶ አለመቅረብን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ ውሻ አላችሁ። ከዛሬ ጀምራችሁ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፤ ጠርታችሁ አትምቱ። ሲመጣላችሁ ጥቂት ፍርፋሪ ስጡት። የክትባት ቀን ሲደርስ ይጠቅማችኋል።

ባለፈው ዓመት ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። እኔ ትምህርት ቤት ስለ ነበርሁ መከታን የጠሩት አባቴ ናቸው። ማታ ስመለስ የክትባቱን ወረቀት ሰጡኝና «እንደ ጠራሁት መጣ፤ ዝም ብሎም ተወጋ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ጧት ኮታቸውን ሳነሣ ግን ከኪሱ የዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ።