ሌሊቱን የሚያጠና ትውልድ እንሁን

እኛ ኩራዝንም ሶላርንም የምናውቅ ትውልድ ነን። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ፣ በወምበርማና በደንበጫ ገጠሮች ያደግን ልጆች ኩራዙ እፍ ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ አይተናል፤ ዶሮ ሲጮህ እናቶቻችን ሲነሡ ሰምተናል። ዛሬ በእነዚያው ቤቶች የሶላር መብራትና የስልክ ስክሪን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያበሩ እናያለን። ሁለቱንም ሌሊት ያየን እኛ ነን። የቀደሙን አንዱን አውቀው አረጁ፤ የሚከተሉን ሌላውን ብቻ አውቀው ያድጋሉ። በሁለቱ መካከል የመቆም ዕጣ ለእኛ ወጥቷል፤ ከዕጣውም ጋር አደራው አብሮ ደርሶናል። አደራውም የእንቅልፍንና የሰውነት ሰዓትን ሳይንስ የሚመረምሩ ሰዎችን ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም ማፍራት ነው።

በእያንዳንዳችን አንጎል ሥር ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡበት አንድ ትንሽ ማዕከል አለ። ብርሃን በዓይን በኩል ሲደርሰው ይህ ማዕከል ለመላው አካል ጊዜ ይነግራል፤ ሰውነት መቼ እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ፣ መቼ እንደሚነቃና እንደሚያንቀላፋ ያዛል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ ይህ የሰውነት ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍሬ ዝንብ ላይ ስላሳዩ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ያገኙት ነገር ሲያስቡት ይደንቃል፦ ሌሊት የሚጠራቀም፣ ቀን የሚፈርስ፣ በየ24 ሰዓቱ ዑደቱን የሚዘጋ ፕሮቲን። ሌሊትና ቀን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ተጽፈዋል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የሰውነትን ሰዓት የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ዕለቱን የሚቆጥሩት መብራት ከበራበት ቅጽበት ጀምረው ነው፤ ገበሬ አባቶቻችንም ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከንጋት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ያለውን ጊዜ በጸሎት ከፍለው ጠብቀዋል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ደርሰውልናል። የጎጃም ደብተራ ማሕሌት ቆሞ ያድራል፤ የቆሎ ተማሪው ሌሊቱን ትምህርቱን ሲቀጽል ይነጋል። ጊዜን አክብረው የቆጠሩ ሰዎች ልጆች ነን። እነርሱ ሌሊቱን ለነፍስ ጠበቁት፤ እኛ ደግሞ ለጤናና ለዕውቀት እንመርምረው።

ዓለም መጠየቅ ጀምሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአርጀንቲና የሚኖሩ የቶባ ሕዝቦችን አነጻጽሮ፣ ኤሌክትሪክ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በአንድ አዳር ከ40 ደቂቃ በላይ ያነሰ እንደሚተኙ አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት የታንዛኒያን ሃድዛዎችና የናሚቢያን ሳኖች እንቅልፍ ለካ። በአገራችንም መንገዱ ተጀምሯል፤ ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,500 በላይ ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው የተጓደለ መሆኑን አረጋግጠዋል። እነርሱ በሩን ከፍተውልናል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ጎጆ መዝለቅ የእኛ ተራ ነው።

በገጠሩም ጥያቄው ሞልቷል። በቆሎው እሸት ሲይዝ አንድ ልጅ ከነወንጭፉ ማማ ላይ ይወጣል። ጃርትና ከርከሮ እንዳይገቡ ሲጮህ፣ ሲያፏጭ፣ ድንጋይ ሲወረውር ያድራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ክፍል ይገባና ዓይኑ በፊደሉ ላይ ይከደናል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። ያ ልጅ ስንት ሰዓት ተኛ? የጎደለው እንቅልፍ ከትምህርቱ ምን ያህሉን ወሰደበት? ቆጥሮ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል።

በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሌሊት ዲውቲ የሚገቡ ነርሶች አሉ፤ በቡሬ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገዳችን ላይ እንቅልፍ እየታገላቸው የጭነት መኪና የሚነዱ አባቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች ተራ መድቦታል። ኢንዱስትሪው ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ዕውቀት አብሮ መምጣት አለበት።

ወባስ? አጎበር የሚጠብቀው ከሥሩ የተኛውን ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ግን ሰው ገና ሳይተኛ፣ ምሽት ላይ በደጅ ጭምር ትነድፋለች። ስለዚህ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ቆላማ ቀበሌዎች ሰው በስንት ሰዓት ይተኛል ብሎ መጠየቅ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት መጠየቅ ነው። የተኩስ ድምፅ ሌሊታቸውን የነሣቸው፣ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው የክልላችን ሕፃናትም አሉ። ሰላም ሲመለስ እንቅልፋቸው አብሮ ይመለስ እንደሆን የሚከታተል፣ ካልተመለሰም የሚያክም ዕውቀት እንዲቆያቸው እኛ ዛሬ መዘጋጀት አለብን።

ከየት እንጀምር? ከእጃችን ካለው። በ1729 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ዶርቱ ዴ ሜራን ቅጠሏ ማታ የሚታጠፍ አንዲት ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀመጠ፤ ፀሐይ ሳታያትም በሰዓቷ ስትከፈት አየ። ታላቁ ሳይንስ ከዚህ ተነሣ። የፍኖተ ሰላም ተማሪ የቦሎቄ ችግኝ በካርቶን ሸፍና የቅጠሉን መነሣትና መውደቅ በየሰዓቱ ልትመዘግብ ትችላለች። የቡሬ ተማሪ የቤተሰቡን የመኝታና የመነሻ ሰዓት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በአንድ ደብተር ለአንድ ወር ሊጽፍ ይችላል። መምህራን የባዮሎጂውን ክፍለ ጊዜ ከዚህ ይጀምሩት። የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ለእነዚህ ልጆች በራቸውን፣ መሣሪያቸውንና መምህሮቻቸውን ያዘጋጁላቸው። በውጭ አገር በእንቅልፍ ሕክምናና በነርቭ ሳይንስ የተማሩ ወገኖቻችን ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዱን በእጃቸው ይዘው ያሳድጉ። የተለካውም ነገር ሁሉ በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ለተለኩት ሰዎች ይመለስ፤ እንቅልፏን ያካፈለችን እናት ውጤቱን ቀድማ የመስማት መብት አላት።

ጊዜው አይጠብቀንም። ምሰሶው እየተተከለ፣ ሽቦው እየተዘረጋ ነው። መብራቱ ይግባ፤ ለምጥ ለተያዘች እናት፣ ለሚያጠና ልጅ፣ ለጤና ጣቢያው ይግባ። ሲገባ ግን ይመዝገብ። መብራት ያልገባበት መንደር አዳሩ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ካልጻፍነው፣ ነገ የሚጠይቁን ልጆች ከእኛ ትዝታ በቀር ማስረጃ አያገኙም፤ ትዝታችን ደግሞ ከእኛ ጋር ያልፋል።

እንግዲህ እንነሣ። የገጠሩ ልጅ የገጠሩን ሌሊት ያጥና፤ የነርሷ ልጅ የነርሷን ድካም ይለካ፤ የሾፌሩ ልጅ የሾፌሩን ዓይን ይጠብቅ፤ የገበሬው ልጅ በማማ ላይ ያደረውን ወንድሙን ከስድብ ያድን። ያወቅን እናስተምር፤ ያላወቅን እንማር፤ የተማርን እንመለስ። አባቶቻችን መሬቱን ጠብቀው አወረሱን፤ እኛ ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ስለሚኖረው ሰው የተረጋገጠ ዕውቀት እናውርስ። ከእኛ የሚበልጡ ተመራማሪዎችን እናሳድግ፤ የጀመርነውን ደብተር ተቀብለው እኛ ወዳልደረስንበት ያድርሱት።