የሆድ ሕመም ሁሉ ብርድ አይደለም



በየመሥሪያ ቤታችን አንዲት ጸሓፊ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ስትል የሚሰጣት ምክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «ብርድ ነው፤ ትኩስ ነገር ጠጪበት»፣ ሁለተኛው «ጨጓራ ነው፤ እህል ቅመሺ» የሚል ነው። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልክድም። ሕመሙ ከማሕፀን ውጭ በሆነ እርግዝና የመጣ እንደሆነ ግን ይኸው ቅን ምክር ሕይወት ያጠፋል።

ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ያህሉ ከማሕፀን ውጭ ይሆናል። የሚበዛውም የሚያርፈው በማሕፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ፅንሱ ሲያድግ ሊፈነዳ ይችላል፤ ደሙም ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ በውጭ ብዙ አይታይምና ተመልካችን ያታልላል። የወር አበባ መዘግየት፣ በአንድ ወገን የሚጠና የታች ሆድ ሕመም፣ ጥቂት ደም መታየት፣ ራስ ማዞር፣ አንዳንዴም የትከሻ ጫፍ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው።

እርግዝና መኖሩ በሽንት ወይም በደም፣ ያለበት ቦታ ደግሞ በአልትራሳውንድ ይመረመራል። ሳይፈነዳ በጊዜ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድኑ አሉ። ከፈነዳ ግን አፋጣኝ ቀዶ ሕክምና የግድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ሎውሰን ቴት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሴት ያዳነው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሆዴን አመመኝ ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ የወሊድ መከላከያ ብትወስድም እንኳ፣ የሽንት ምርመራ ሳይደረግላት የጨጓራ መድኃኒት ይዛ አትመለስ። ሁለተኛ፣ የክፍል ኃላፊዎች «መጀመሪያ ፎርም ሙዪ» ማለታቸውን ትተው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ያድርሷት፤ ፎርሙ ነገም ይሞላል። ሦስተኛ፣ እኛ ጤነኞቹ ደም የመለገስ ልማድ ይኑረን፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ደም አስቀድሞ የተለገሰ ነውና።

ባሎችም «መካን ትሆንብኛለች» በማለት ቀዶ ሕክምናውን አያዘግዩ። አንዱ ቱቦ ቢወጣ በሌላው መውለድ ይቻላል፤ የሞተች እናት ግን አትተካም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ