«ያው ሙዚቃ ነው» ላሉት ጸሐፊ

በቁጥር ተወስኖ የሚታተም የፊልም ማጀቢያ አልበም «የሰብሳቢ ኪስ ማራገፊያ» ነው፣ በስርቆት የተባዛውም «ያው ሙዚቃ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ያው አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን አከታትለው አላዳመጡም፤ ወይም አዳምጠው ጆሯቸው ሌላ ቦታ ነበር።

«ጆውስ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሸክላ የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊልያምስ ለአልበም ብለው እንደገና ያስቀረጹት እንጂ ፊልሙ ላይ የምንሰማው አልነበረም። የፊልሙ ቅጂ በ2000 በአሳታሚው ዴካ፣ በ2015 ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ በአሳታሚው ኢንትራዳ ታተሙ። በስርቆት የሚባዛው የሚሸቀጠው እንዲህ ባለው ክፍተት ነው፤ የቅጂ ቅጂ ስለሚሆንም የቴፑ ሹክሹክታ ቫዮሊኑን ይውጠዋል፣ የቴፑ ፍጥነት ሲቀንስ ቃናው ይወርዳል። ከፊልሙ ላይ የተለቀመ ከሆነማ ዋሽንቱ መሀል በር ይንኳኳል! ሕጋዊው አሳታሚ ግን ዋናውን ቴፕ ፈልጎ ያጸዳል።

ቁጥሩ የሚወሰነውም ለማስጎምዠት ብቻ አይደለም። ገዢው ጥቂት ነው፤ ለስቱዲዮውና በሙዚቀኞች ማኅበር በኩል ለተጫዋቾቹ የሚከፈል አለ። ሌባው ከዚህ ሁሉ ነጻ ስለሆነ በርካሽ ይሸጣል። ይህ ደግሞ ሙያ አይባልም።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ግን ልክ ናቸው፦ አትራፊዎች አልቆ የነበረውን አልበም በእጥፍ ድርብ ይቸበችቡታል። መድኃኒቱ ግን የተሰረቀውን መግዛት አይደለም። የማይክል ኬመን የ«ዳይ ሃርድ» ማጀቢያ በ2002 በ3,000 ቅጂ ወጥቶ ነበር፤ የታገሠ ሰው በ2011 ከአሳታሚው ላ-ላ ላንድ ሰፋ ያለውን እትም አግኝቷል።