ከባለቤት ያወቀ

በደን ፕሮጀክት ሰነድ ላይ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ተሳትፎ»። ገንዘቡ ከውጭ፣ ተሳትፎው ከገበሬው። ለመሆኑ ይህ ተሳትፎ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር።

ወሎ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በ1970ዎቹ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እየተሰፈረ ተራራው እርከንና ችግኝ ለበሰ። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና ጥቂት ዘይት። ከብት የሚሰማራበት ጋራ ግን ገበሬው ሳይመክርበት ተከለለ፤ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው፣ ማን እንደሚሸጠው በግልጽ የነገረው አልነበረም። ደርግ በ1982 ዓ.ም ፖሊሲውን ሲያላላ፣ በ1983 ደግሞ ሲወድቅ፣ በብዙ ቦታ መጥረቢያ ተነሣ። ያኔ «ገበሬው አላዋቂ ነው፤ ለነገ አያስብም» ተባለ።

አይ! ከደሴ ወደ ገራዶ የወረደ ሰው እንዲህ አይልም። ገበሬው በጓሮው ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ዓመታት ይጠብቃል፤ ሲደርስ ሸጦ ልጅ ይድራል፣ ቤት ይሠራል። ማንም ስንዴ አልሰፈረለትም። ለነገ የማያስብ ሰው ዛፍ ተክሎ ይጠብቃል እንዴ? ልዩነቱ የዕውቀት ሳይሆን የባለቤትነት ነው።

የውጭ ገንዘብ ባለቤትነትን ማጽናት አይችልም የሚል ካለም እዚያው ገራዶን ይጠይቅ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ዕርዳታ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲሞከር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዷ ገራዶ ነበረች። ለማሳው ደብተር የተገኘለት ገበሬ ለደኑ ስለምን ይነፈጋል?

የሕግ ሰበብም አልቋል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር፤ በ2010 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት አውቋል። የቀረው ችግኙ ሳይፈላ በፊት ከመንደሩ ጋር መቀመጥ ነው። ሣሩን ማን ያጭዳል? ዛፉን ማን ይቆርጣል? ገንዘቡስ እንዴት ይከፋፈላል? ይህ በጽሑፍ ይስፈር፤ ገበሬውም ይፈርምበት። እስካሁን የፈረመው ስንዴ ሲቀበል ነው።

«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ጋራውን ከገበሬው በላይ አውቃለሁ የሚል ፕሮጀክት ጊዜው ሲያበቃ መኪናውንና ሪፖርቱን ይዞ ይሄዳል። ዛፉ እዚያው ይቀራል። መጥረቢያውም እንዲሁ።