የደላላ ቅኔ

ቅኔ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ደላላ እጅ የገባ ይመስለኛል። ኦሎምፒያ አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያገለገለ ቪታራ ወይም ላንድክሩዘር የሚያሻሽጥን ሰው ያዳመጠ ይመስክርልኝ። «ንጹህ ናት» ይላል፤ ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁ ግን ከቀለሙ ሥር የተበየደው ሻንሲ ነው። «ብዙ አልሄደችም» ይላል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ግን አይነግረንም።

ደላላውን ብቻ አልከስም፤ ቅኔውን «ይበል!» እያልን የምንቀበል እኛ ነን። ከኦሎምፒያ ካዛንቺስ ለመድረስ ፎርዊል የሚያስፈልገው ለማን ነው? የቀድሞዎቹ ቪታራዎች እኮ በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ጎማ እንዲነዱ አልተሠሩም፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻላቸው ይጎዳል። ደመወዝተኛው ገንዘቡን የሚያፈስሰው ከተማ ውስጥ ሊጠቀምበት ለማይገባው ነገር ነው። የሚገዛው ከፍታን ነው፤ ከጎረቤት በላይ መታየትን።

ገበያው ደግሞ ምሕረት የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። መኪና እያረጀ የሚወደድበት አገር እንዲህ ተፈጠረ። እኔም ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የአሥር ዓመት ቁጠባ በአንድ ፊርማ ሲወጣ አያለሁ።

በክረምት መረሬ ለሚያቋርጥ የመስክ ሠራተኛ ፎርዊል እንጀራው ነው፤ ይግዛ። ሌሎቻችን ግን ከፍታውን ትተን በአቅማችን ትንሽ መኪና እንፈልግ። የትኛውንም ብንመርጥ፣ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የራሳችንን መካኒክ ይዘን ከሥሯ እንግባ፤ በሊብሬው የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር እናመሳክር። የዚህ ቅኔ ፍቺ ያለው እዚያ ነው።