አድርባዩ ጀግና

ባለፈው ቅዳሜ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፥ ጽድ ሥር ተሰብስበን ነበር። (ባሕር ዛፉ ለአገር በቀሉ ቦታ በሚለቅበት ጫካ ስለ ጎራ መከራከራችን ራሱ ያስቃል።) ኮድ የሚጽፉት ጓደኞቻችን የጌማቸውን ረቂቅ ዘረጉልን። ካርታው ያው ጫካ ነው፤ ሦስት ጎራዎች ይፋለሙበታል። አጨበጨብን። ቀጥለው ግን ተጫዋቹ የሦስቱም ጎራ አለቃ መሆን ይችላል አሉን። ለምን ብንል «እንዳይከፋው ነዋ!»

ይህን እንቃወማለን።

በሽታው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም አንዱን ሰው የሌቦች ማኅበር አለቃም፥ የአስማት ኮሌጅ ሹምም ያደርገዋል፤ «አንተ የማን ወገን ነህ?» የሚለው የለም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው አድርባይ ይባላል። በእርስ በርስ ጦርነቱ አንዱን ወገን ማስመረጡን ግን አንክድም። የዚያው ኩባንያ የ2002ቱ ሞሮዊንድ ይሻል ነበር፤ ከሦስቱ ታላላቅ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ የሁለቱ በር ይዘጋበታል። የ2010ሩ ፎልአውት ኒው ቬጋስ ደግሞ ደግና ክፉ ሥራህን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ደጉ ክፉውን አይፍቀውም። እዚያም ቢሆን ታዲያ የአንዱን ጎራ ልብስ ያጠለቀ የዚያ ጎራ ሰው መስሎ ያልፋል።

ወገን በልብስ ይለያል እንዴ? ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፥ «መሬት ላራሹ» ያሉ፥ ማርክስንና ሌኒንን የሚጠቅሱ ነበሩ። ዋናው መለያያቸው ደርግ ነበር፤ አንዱ ሂሳዊ ድጋፍ አለ፥ ሌላው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት። በ1969 ዓ.ም. ተገዳደሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መኢሶንም ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ እሱም ታደነ። ሴቭ ወዳደረጉበት መመለስ የለ!

«ጌም እኮ ነው፥ ምን አካበዳችሁ!» የሚሉን አሉ። ጌም ስለሆነ እኮ ነው! ሰው ሳይሞት፥ ሳይገድል የምርጫውን ዋጋ የሚቀምስበት ሌላ ቦታ የት አለ? ዋጋውን ካነሣችሁለት የቀረው መሮጥና መተኮስ ነው፤ እሱማ በየሰፈሩ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ሞልቷል።

ስለዚህ ጎራዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ይልበሱ፥ አንድ ዓይነት መፈክር ያሰሙ። አንዱን የመረጠ ሌላው ይዘጋበት። ጥሎ መውጣት ይፈቀድለት፤ ግን እሱ ራሱ ያስገባቸው ጓደኞቹ እዚያው ይቅሩ፥ መንገድ ላይ ሲያገኙትም ስሙን ጠርተው ይጠይቁት።

በሚመጣው ቅዳሜ ረቂቁ እዚያው ጽድ ሥር እንደገና ይታያል። እንገኛለን።